ቴሌፓቶሎጂ፦ ከርቀት የሚሠራው የትኛው ነው?

ቴሌፓቶሎጂ ማለት የፓቶሎጂ ሐኪም (ናሙናን በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታን የሚለይ ሐኪም) ከሕመምተኛው የተወሰደን ናሙና ሌላ ቦታ ሆኖ በምስል መመርመሩ ነው። ቃሉ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ላቦራቶሪ የማያስፈልግ ያስመስላልና። ከርቀት የሚሠራው ግን ማየቱ ብቻ ነው። ናሙናውን እንዳይበላሽ በፎርማሊን ማቆየት፣ በፓራፊን ሰም ማጠንከር፣ ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) ውፍረት ባለው ስስ ቁራጭ መቁረጥና ማቅለም አስቀድሞ እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው። ቁራጩ ከተጨማደደ የትኛውም ካሜራ አያድነውም።

የስላይዱ፣ ማለትም ቁራጩ የተለጠፈበት መስታወት፣ ሙሉ ዲጂታል ቅጂ ብዙ ጊዜ ከ1 ጊጋባይት ይበልጣል። ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት በማይክሮስኮፕ የተነሡ ጥቂት ፎቶዎችን መላክ ይቀላል። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው፦ የሚታየውን ቦታ የሚመርጠው ላኪው ነው። ካንሰሩ ፎቶ ባልተነሣው ጥግ ካለ የተካነ ሐኪምም አያገኘውም። ስለዚህ ካሜራ ከመግዛት በፊት አንሺውን ማሠልጠን ይቀድማል።