በአርባዎቹ ዕድሜ ወደ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ የአርባ ዓመት ሒሳብ ሠራተኛ ወይም መምህር «ሥራዬን ቀይሬ ወደ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ልገባ ነው» ሲል ምክር ከሁለት ወገን ይዘንብበታል። አንደኛው ወገን ጊዜው አልፏል ብሎ ተስፋ ያስቆርጠዋል። ሌላኛው በጥቂት ወራት ሥልጠና ኑሮው እንደሚለወጥ ይምልለታል፤ ይኸኛው ብዙውን ጊዜ ሥልጠናውን የሚሸጠው ራሱ ነው። የሁለቱም ንግግር ከእውነታው ይርቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ይህ የወጣቶች ሙያ ነው»

ሙያውን ካቀኑት ሰዎች አንዷ ግሬስ ሆፐር ናቸው። በ1906 የተወለዱት እኚህ አሜሪካዊት የኮሌጅ ሒሳብ መምህርት ነበሩ። በኮምፒውተር መሥራት የጀመሩት የአገራቸውን ባሕር ኃይል ተቀላቅለው በ1944 ሲሆን፣ ያኔ 37 ዓመታቸው ነበር። ሰው በሚረዳው ቃል የተጻፈን ትእዛዝ ወደ ማሽን ቋንቋ የመመለስን ሐሳብ ያራመዱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ኮቦል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም ብዙ ነገሩን የወሰደው ከእሳቸው ሥራ ነው። ከባሕር ኃይሉ የተሰናበቱት በ1986፣ በ79 ዓመታቸው ነው። ጃፓናዊቷ ማሳኮ ዋካሚያ ደግሞ የሥራ ዘመናቸውን በባንክ አሳልፈው ኮምፒውተር የለመዱት በጡረታ መውጫቸው አካባቢ ነው፤ በ2017፣ በ81 ዓመታቸው፣ ራሳቸው የሠሩትን የስልክ ጨዋታ ለሕዝብ አቀረቡ።

እንዲህ ያሉ ታሪኮች ልብ ያሞቃሉ እንጂ ደመወዝ አያስገኙም። ዕድሜ አይቶ ማመልከቻ ወደ ጎን የሚያደርግ ቀጣሪ አለ፤ ይህን መካድ አመልካቹን ማታለል ነው። ይሁን እንጂ አድልዎው በየቦታው እኩል አይደለም። ከሰው ጋር መነጋገርን፣ መታገስንና ኃላፊነት መሸከምን በሚጠይቁት የተጠቃሚ ድጋፍ፣ የሶፍትዌር ፍተሻ፣ የፕሮጀክት አመራርና የመረጃ ደኅንነት ቁጥጥር ሥራዎች ላይ የበሰለ ሰው ሲመጣ የሚደሰት አለቃ ጥቂት አይደለም።

«ሒሳብ የማይሆንለት ሰው አይሞክረው»

የሦስት አቅጣጫ ምስል ለሚሠራ፣ ምስጢራዊ ኮድ ለሚቀምር ወይም አርተፊሻል ኢንተለጀንስን ከሥሩ ለሚመራመር ሰው ከፍተኛ ሒሳብ ያስፈልጋል። ለቀሪው አብዛኛው ሥራ ግን ተራ ስሌትና ነገርን በቅደም ተከተል ማሰብ ይበቃል። ጀማሪዎችን ከመንገድ የሚያስቀረው በአብዛኛው ሒሳብ ሳይሆን ትዕግሥት ማጣት ነው፦ ኮምፒውተሩ የጻፈውን የስሕተት መልእክት ሳያነቡ መዝጋት።

«ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ማለት ፕሮግራም መጻፍ ነው»

አይደለም። ኔትወርክ የሚዘረጋ፣ የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) የሚጠብቅ፣ መጠባበቂያ ቅጂ በትክክል መያዙን የሚያረጋግጥ፣ የመጠቀሚያ መመሪያ የሚጽፍ፣ ሠራተኞችን በአዲስ ሲስተም የሚያሠለጥን ሰው ሁሉ የዚህ ሙያ ሰው ነው። አንዳንዶቹ በዓመት አንድ መስመር ኮድ ላይጽፉ ይችላሉ።

«ያለፈው ልምዴ ዋጋ የለውም፤ ከዜሮ እጀምራለሁ»

ከሁሉም የሚጎዳው ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም በሰሚው ብቻ ሳይሆን በተናጋሪው ልብ ውስጥም ያድራል። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው የቀድሞ ሙያውን እንደ ነውር ደብቆ ከአዲስ ተመራቂዎች ኋላ ይሰለፋል። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ደግሞ ተመራቂው ይበልጠዋል፦ ጊዜ አለው፣ በትንሽ ደመወዝ ይሠራል፣ ትምህርቱም ትኩስ ነው።

ሰልፉን መቀየር ነው የሚሻለው። የሶፍትዌር ባለሙያዎች እንዴት እንደሚሠራ ያውቃሉ፤ ምን መሠራት እንዳለበት ግን ብዙ ጊዜ አያውቁም። የወሩ ሒሳብ መዝጊያ የት ላይ እንደሚንጠለጠል የሚያውቀው ሒሳብ ሠራተኛው ነው። ተረኛ ሲቀያየር የትኛው የሕመምተኛ መረጃ እንደሚዘለል የምታውቀው ነርሷ ናት። በመዝገብ ላይ ያለው የዕቃ ብዛት በመደርደሪያው ላይ ካለው ጋር ለምን እንደማይገጥም የሚያውቀው የመጋዘን ኃላፊው ነው። ይህን ዕውቀት በጥቂት ወራት ኮርስ ማንም አይገዛውም። ከመረጃ ቋት መረጃ ማውጫ ቋንቋ የሆነውን ኤስኪውኤልን የተማረ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ድረ ገጽ መሥራት ከተማረ ሒሳብ ሠራተኛ ይልቅ ተፎካካሪው እጅግ ያነሰ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው በር አብዛኛውን ጊዜ አሁን ያሉበት መሥሪያ ቤት ነው። አዲስ ሲስተም ሲገባ የሚፈትሽ ሰው ሲፈለግ እጅ ማውጣት፣ በየወሩ በእጅ የሚሞላውን የኤክሴል ሪፖርት ራሱ እንዲሞላ ማድረግ፣ በተጠቃሚዎችና በባለሙያዎች መካከል አስተርጓሚ መሆን። አንድ ዓመት እንዲህ የሠራ ሰው በማመልከቻው ላይ የሚጽፈው እውነተኛ ሥራ ይኖረዋል።

የማይሻገር ነገርም አለ፤ እሱም ማዕረግ ነው። ትናንት የክፍል ኃላፊ የነበረ ሰው በልጁ ዕድሜ ያለ ባለሙያ «ይህን እንደገና ሥራው» ሲለው መስማት ይኖርበታል። እንደ እኔ አስተያየት ከኔትወርክም ከፕሮግራምም የሚከብደው ትምህርት ይኸኛው ነው፤ የትኛውም ማሠልጠኛ ግን በዝርዝሩ ውስጥ አያካትተውም።

«ዛሬ የተማርኩት ነገ ያረጃል»

የላይኛው ሽፋን በእርግጥ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። መሠረቱ ግን ከሚገመተው በላይ ጽኑ ነው። ዛሬም በየባንኩ የሚሠራበት የመረጃ ቋት አደረጃጀት ኤድጋር ኮድ የተባሉ የኮምፒውተር ሳይንቲስት በ1970 ካሳተሙት ጽሑፍ የመነጨ ነው። ኢንተርኔት የሚገናኝባቸው ደንቦች በሥራ ላይ የዋሉት በ1983 መግቢያ ነው። የኮምፒውተር ማስተዳደሪያው (ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ) ሊነክስም የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተንም የወጡት በ1991 ነው። በሚያዝያ 2020 ደግሞ በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት አስተዳዳሪ አሮጌዎቹን ኮምፒውተሮች የሚጠግን የኮቦል ባለሙያ ያለህ ብለው በይፋ ተጣርተዋል፤ ይህ ቋንቋ የተነደፈው በ1959 ነው። ዘግይቶ ለሚጀምር ሰው ከወቅቱ ወሬ ይልቅ ከእነዚህ መጀመር ይሻላል።

«ሰርተፍኬት ከተያዘ ሥራው ራሱ ይመጣል»

ሰርተፍኬት በር ያንኳኳል እንጂ አይከፍትም። ለጀማሪ የሚመከረው የኮምፒውተር ድጋፍ ሰርተፍኬት፣ የኮምፕቲያ ኤ ፕላስ፣ ሁለት ፈተና አለው፤ እሱም ሆነ የሲስኮው የኔትወርክ ሰርተፍኬት ሲሲኤንኤ ከሦስት ዓመት በኋላ መታደስ አለባቸው። በመረጃ ደኅንነት ታዋቂ የሆነው ሲአይኤስኤስፒ የተባለው ሰርተፍኬት ደግሞ በመርሕ ደረጃ አምስት ዓመት የሚከፈልበት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ያለ ልምድ ፈተናውን ያለፈ ሰው ሙሉ ማዕረጉን አያገኝም። ለጀማሪ «በዚህ ሰርተፍኬት ወዲያው ትቀጠራለህ» የሚል ማሠልጠኛ ካጋጠመ ገንዘብን ኪስ ውስጥ መተው ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ ሲኤስ 50 በነፃ ስለሚገኝ፣ ሙያው የሚስማማ መሆን አለመሆኑን ያለ ወጪ መሞከር ይቻላል።

«አርተፊሻል ኢንተለጀንስ ስለመጣ ሙያው አብቅቶለታል»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። በ2022 እና በ2023 ታላላቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ብዙ ሠራተኛ ቀንሰዋል፤ ቻትጂፒቲ የወጣውም በኅዳር 2022 መጨረሻ ነው። ቀድሞ ጀማሪ የሚለማመድባቸውን ቀላል የኮድ ሥራዎች አሁን ማሽኑ በደቂቃ ይጽፋቸዋል። የጻፈው ነገር ለመሥሪያ ቤቱ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ይህም የቀድሞውን ሙያ ዋጋ ከፍ ያደርገዋል። አደጋው ያለው በትምህርቱ ወቅት ነው። መልመጃውን ሁሉ በማሽን የሚያሠራ ተማሪ ኮርሱን ይጨርሳል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ባዶ ሰሌዳ ፊት ይቆማል።

«ደመወዙ ወዲያው ይጨምራል»

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ይቀንሳል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ይህን ከትዳር ጓደኛው ጋር በቁጥር መነጋገር ያለበት ሥራ ከመልቀቁ በፊት ነው፦ ደመወዙ ስንት ቢወርድ ቤቱ ይቆማል፣ ለስንት ወር፣ የቤት ኪራዩና የልጆች ትምህርት ከየት ይሸፈናል? መልሱ የማያስተማምን ከሆነ ማታ ማታና ቅዳሜ እየተማሩ አሁን ያለውን ሥራ ይዞ መቆየት ይሻላል። ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ይወስዳል፤ ከዚያ በታች የሚያስተዋውቅ ማሠልጠኛ ካለ ካሠለጠናቸው ውስጥ ስንቶቹ፣ በምን ሥራ ላይ እንደተቀጠሩ በጽሑፍ እንዲያሳይ ይጠየቅ።