የኤፍፒጂኤ ፈጣን ሰርያል ፒን ዕቅድ ምንድን ነው?

ኤፍፒጂኤ (FPGA፣ ከተመረተ በኋላ የውስጥ ሥራው በተጠቃሚው የሚወሰን ቺፕ) ከሚወደድባቸው ነገሮች አንዱ የፒኖቹ ነፃነት ነው። ቦርዱ እስካልታተመ ድረስ የኤልኢዲን ሲግናል ከአንድ ፒን ወደ ሌላው ማዛወር ፋይል ላይ አንድ መስመር የመቀየር ጉዳይ ነው። በሰከንድ ጊጋቢቶች የሚያልፉባቸው ፈጣን ሰርያል (መረጃን ቢት በቢት ተራ በተራ የሚያስተላልፉ) ፒኖች ጋ ሲደረስ ግን ነፃነቱ ያልቃል። እነዚህ ፒኖች ትራንሲቨር ከሚባሉ፣ መረጃ ከሚልኩና ከሚቀበሉ፣ ሲሊከኑ ላይ በቋሚነት ከተሠሩ ክፍሎች ጋር የተሳሰሩ ናቸው፤ ተራ ፒንም አይተካቸውም። የፒን ዕቅድ የሚባለው እንግዲህ ቦርዱ ከመሳሉ በፊት የትኛው መስመር በየትኛው ትራንሲቨር እንደሚወጣ፣ ክሎኩንም (የጊዜ ምት የሚሰጠውን ሲግናል) ከየት እንደሚያገኝ መወሰን ነው።

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ለማገናኛው የሚቀርበውን ፒን በመፈለግ ነው። እኔ ከክሎኩ መጀመር ይሻላል እላለሁ። ምክንያቱን ለማየት ዛሬ በኤኤምዲ ሥር ያለው ዛይሊንክስ የሠራውን ኪንቴክስ-7 325ቲ የተባለ ኤፍፒጂኤ እንውሰድ። ባለ 900 እግሩ ፓኬጅ 16 ጂቲኤክስ የሚባሉ ትራንሲቨሮች አሉት፤ አራት አራት ሆነው በ4 ኳድ ተቧድነዋል። እያንዳንዱ ቻናል (ማለትም አንድ ትራንሲቨር) ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የሆኑ 2 ፒን ለመላኪያ፣ 2 ፒን ለመቀበያ ይይዛል። እያንዳንዱ ኳድ ደግሞ ሁለት የሪፈረንስ ክሎክ መግቢያ አለው።

ይህን ክሎክ ወደሚፈለገው ፍጥነት የሚያባዙት ፒኤልኤሎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ሲፒኤልኤል ለየቻናሉ አለ፣ ግን ከ6.6 ጊጋቢት በሰከንድ አያልፍም። ከዚያ በላይ ኪውፒኤልኤል ግድ ይላል፤ እሱ ደግሞ በአንድ ኳድ አንድ ብቻ ነው። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ10.3125 ጊጋቢት የሚሄድ የ10 ጊጋ ኢተርኔትና በ9.8304 ጊጋቢት የሚሄድ የቴሌኮም ሬዲዮ መስመር አንድ ኳድ ውስጥ ብናስገባ፣ ፒኖቹ ቢበቁም ቦርዱ አይሠራም። ሁለቱም ያን አንድ ኪውፒኤልኤል ይፈልጋሉ፣ ፍጥነታቸው ግን ይለያያል። ከኢተርኔቱ ጎን 1.25 ጊጋቢት የሆነ ዘገምተኛ መስመር ማስቀመጥ ግን ይቻላል፤ የራሱን ሲፒኤልኤል ይዞ ይኖራል።

ክሎኩም ሁሉም ቦታ አይደርስም። በዚህ የቺፕ ቤተሰብ አንድ የክሎክ መግቢያ የሚያገለግለው የራሱን ኳድ፣ ከላዩ አንዱንና ከታቹ አንዱን ነው። ስለዚህ የኢተርኔቱን የ156.25 ሜጋኸርትዝ ኦሲሌተር (ክሎክ አመንጪ) ከአራቱ ኳዶች ጫፍ ላይ ማሰር ጥሩ አይደለም፤ መሐል ካሉት በአንዱ ቢታሰር ሦስት ኳድ ይደርሳል። ክሎኩን በተራ ፒን አስገብቶ በቺፑ ውስጥ ወደ ትራንሲቨሩ ማዞር ደግሞ ጂተሩን (የምቱን መዛነፍ) ስለሚጨምር ለእንዲህ ያለ ፍጥነት አይሆንም።

ቺፑ ሲታዘዝም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ያው 325ቲ በርካሹ የኤፍቢጂ ፓኬጅ ሲመጣ ትራንሲቨሩ በ6.6 ጊጋቢት ይገደባል። ስሙን ብቻ አይቶ ያዘዘ ሰው 10 ጊጋውን አያገኝም።

መስመሩ ሲዘረጋ ደግሞ የሚያቀል ነገር አለ። የፖዘቲቭና የኔጌቲቩ ሽቦ ቢጠላለፍ ቪያ (ሽቦን ከቦርዱ አንድ ንጣፍ ወደ ሌላው የሚያሻግር ቀዳዳ) ጨምሮ ማስተካከል አያስፈልግም፤ ትራንሲቨሩ ውስጥ ዋልታውን መገልበጥ ይቻላል። ቪያ በዚህ ፍጥነት ሲግናሉን ሊያዛባ ስለሚችል ቀላል ነገር አይደለም፦ በ10.3125 ጊጋቢት አንድ ቢት የሚቆየው 97 ፒኮሰከንድ ያህል ነው፤ በተለመደው ኤፍአር4 ቦርድ ላይ ርዝመቱ ወደ 1.5 ሴንቲሜትር ብቻ። ብቻቸውን ለሚሠሩ የኤስኤፍፒ ፕላስ (የኔትወርክ ሞጁል የሚሰካባቸው) ወደቦች የቻናሉን ቅደም ተከተልም መስመሩን ለሚዘረጋው ሰው እንዲመች መለዋወጥ ይቻላል። በፒሲአይ ኤክስፕረስ (የኮምፒውተር ካርዶች ማገናኛ) ግን የሌኖቹ (አብረው የሚሠሩት ቻናሎች) ተራ የራሱ ሕግ አለው፤ እንደ ልብ አይቀላቀልም።

ሁሉም ተወስኖ ካለቀ በኋላ ቦርዱን ወደ ፋብሪካ ከመላክ በፊት እውነተኛዎቹን አይፒ ኮሮች (ዝግጁ የሆኑ የዲዛይን ክፍሎች) ከነፒኖቻቸው ቪቫዶ በሚባለው የዛይሊንክስ ሶፍትዌር ውስጥ አስገብቶ እስከ ቢትስትሪም (ቺፑ ላይ የሚጫነው ፋይል) ማድረስ ይገባል። ውስጡ ባዶ የሆነ ዲዛይን ይበቃል፤ ኮሮቹና ክሎኮቹ ግን የእውነት መሆን አለባቸው፣ የኪውፒኤልኤሉ ግጭት የሚታየው በእነሱ ነውና።