«የእማማን ኪኒን ብንሰጠውስ?» ስለ ውሻ የስኳር በሽታ የሚነገሩ ስሕተቶች እና እውነታው

አንድ ጎልማሳ ወይም ያረጀ ውሻ ውኃ አብዝቶ ሲጠጣ፣ ደጋግሞ ሲሸና፣ ከወትሮው በላይ እየበላ ሲከሳ የስኳር በሽታ መጠርጠር አለበት። እኔ ዘንድ የሚመጡት ውሾች ግን አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ሁለትና ሦስት ጊዜ የትል መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል፤ እየበላ የሚከሳ እንስሳ ሁሉ ትል አለበት ተብሎ ስለሚታመን ነው። ትል መኖር አለመኖሩ በዓይነ ምድር ምርመራ ይታወቃል፤ ስኳርም በአንድ ጠብታ ደም እና በሽንት ምርመራ ይታወቃል። በግምት ወራት የሚባክኑበት ምክንያት የለም።

ምርመራው ስኳር መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እማማ የሚውጡት የስኳር ኪኒን ቤት ውስጥ አለ፤ ከእሱ ግማሹን ብንሰጠውስ?» መልሱ «አይሆንም» ነው። ይህን መልስ ያለ ምክንያት መስጠት ሰዎችን እንደማያሳምን ስላየሁ ምክንያቱን በሰፊው ልጻፈው።

በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የሚበዛው የስኳር ዓይነት ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን፣ ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባ ሆርሞን ማምረቱን ሳያቆም ሰውነት ለሆርሞኑ በአግባቡ መታዘዝ ሲያቅተው የሚመጣ ነው። እነሱ ከሚውጧቸው ኪኒኖች ሜትፎርሚን በዋናነት ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል፤ ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ገና በሕይወት ያሉትን የቆሽት ሕዋሳት ገፋፍቶ ኢንሱሊን እንዲያመነጩ ያደርጋል። በውሻ ላይ ግን በሽታው በሚታወቅበት ጊዜ ኢንሱሊን አምራች የሆኑት ሕዋሳት አብዛኛውን ጊዜ አልቀዋል። የነጠፈች ላም የቱንም ያህል ብትታለብ ወተት እንደማትሰጥ ሁሉ፣ የሞተ ሕዋስም ቢገፋፉት ኢንሱሊን አይሰጥም። ስለዚህ የውሻ ስኳር ሕክምና በመርፌ የሚሰጥ ኢንሱሊን ነው፤ በአብዛኛው በየ12 ሰዓቱ፣ በቀን ሁለት ጊዜ።

«ኢንሱሊን የሰው መድኃኒት ነው፤ ለውሻ ይከብደዋል» የሚሉም አሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ስትራስቡርግ ውስጥ ሚንኮቭስኪ እና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች የአንድ ውሻ ቆሽት ሲያወጡ ውሻው በስኳር በሽታ ተያዘ፤ የበሽታው ምንጭ ቆሽት መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ባንቲንግ እና ቤስት ከቆሽት የወጣውን ንጥር ቆሽት ለሌላቸው ውሾች በመውጋት ስኳራቸው እንዲወርድ አደረጉ። አንድ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ የተወጋው ከዚያ በኋላ፣ በ1922 መጀመሪያ ነው። ኢንሱሊን ከሰው በፊት ውሻ ላይ ሠርቶ የታየ መድኃኒት ነው።

ኪኒኑ ከንቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር፤ ዋናው ጉዳቱ ጊዜ መብላቱ ነው። አንድ የጀርመን እረኛ ዝርያ ውሻ ለሳምንታት የባለቤቱን እናት ግሊቤንክላማይድ ሲውጥ ቆይቶ እያስመለሰ፣ እየዛለ፣ ትንፋሹ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ እየሸተተ መጣ። ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስለማይችል ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚያ የሚመጣው ኬቶን ደሙን አሲዳም አድርጎት ነበር። የጨው ፈሳሽ እና ኢንሱሊን በደም ሥር እየሰጠን ሞክረን አልተረፈም። ባለቤቱ ውሻውን የሚወድ፣ ለሕክምናም ገንዘብ የማይሰስት ሰው ነበር። መርፌውን የፈራው ውሻውን ላለማሳመም ነበር፤ ሆኖም የኢንሱሊን መርፌ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ከቆዳ ሥር ሲገባ ምግብ ላይ ያለ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ቀና ብሎ እንኳ አያይም።

«ስኳር አብልተነው አናውቅም፤ እንዴት ያዘው?» ጣፋጭ አይደለም የሚያመጣው፤ የሰውነት መከላከያ የቆሽት ሕዋሳትን ማጥፋቱ፣ የቆሽት ብግነት፣ እንዲሁም ለእከክ ተብሎ ለረጅም ጊዜ የሚወጋ ዴክሳሜታዞን እና መሰሎቹ ናቸው።

«ሲሻለው መርፌውን እናቆማለን።» አይቆምም፤ ዕድሜ ልክ ነው። ያልመከነች ሴት ውሻ ግን ልዩ ናት። ከድራት በኋላ የሚጨምረው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ኢንሱሊን እንዳይሠራ ስለሚያግድ፣ በሽታው በዚያ ጊዜ ከጀመራት ፈጥኖ ማምከን አንዳንዴ ከመርፌ ሊያላቅቃት ይችላል። ካልመከነች ግን ድራት በመጣ ቁጥር ስኳሯ ከቁጥጥር ይወጣል፤ ስለዚህ «አንድ ጊዜ ትውለድና» የሚለውን ምክር አልቀበልም።

«የቤተሰቡ ትራፊ ይበቃዋል» የሚለው እምነት በእኛ አገር የተለየ መዘዝ አለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውሻው እንጀራ በሽሮ ሲበላ ቆይቶ በፋሲካ ማግስት ስብ፣ አጥንት እና የዶሮ ወጥ ትራፊ ይጣልለታል። የኢንሱሊኑ መጠን የተለካው ግን ለተወሰነ ምግብ ነው፤ ምግቡ ሲለዋወጥ ያው መርፌ አንዴ ያንሳል፣ አንዴ ይበዛል። በድንገት የመጣ ስብ ቆሽትን ያስቆጣል፤ በወጡ ውስጥ ያለው ብዙ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል። ቤተሰቡ ጾመም ፈሰከም ለታመመው ውሻ በዓይነትም በመጠንም የማይለወጥ ምግብ ለብቻው ይዘጋጅለት፤ ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓት እና ማታ 1 ሰዓት ላይ በልቶ ወዲያው ይወጋ። ምግቡን እምቢ ካለ ሙሉው መጠን አይሰጥም፤ ለሐኪሙ ይደወላል። ቀን ታስሮ ሌሊት የሚፈታ ጠባቂ ውሻም ሩጫው የማታው መርፌ በሚበረታበት ሰዓት ላይ ስለሚውል፣ ይህን ልማድ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

«ስሪንጅ ሁሉ አንድ ነው» ማለት አደገኛ ነው። የሰው ኢንሱሊን በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ሲይዝ፣ ዘመድ ከውጭ የሚልከው የእንስሳት ኢንሱሊን አብዛኛውን ጊዜ 40 ዩኒት ነው። ባለ 100ውን ኢንሱሊን በባለ 40 ስሪንጅ የቀዳ ሰው የታዘዘውን ሁለት እጥፍ ተኩል ይወጋል። በጠርሙሱ እና በስሪንጁ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች አንድ መሆናቸው ይታይ።

«ዓይኑን ያጠፋው መርፌው ነው» የሚለው ክስም ሐሰት ነው። ወደ ዓይን ሌንስ የገባው ትርፍ ስኳር ሶርቢቶል ወደሚባል ንጥረ ነገር ተለውጦ ውኃ ይስባል፤ ሌንሱም ይነጣል። ይህ የዓይን ሞራ በአብዛኞቹ የታመሙ ውሾች ላይ በዓመት ገደማ ውስጥ ይታያል፤ በደንብ የተያዘ ስኳር ያዘገየዋል እንጂ የነጣውን አይመልስም።

«ብዙ ውኃ ስለጠጣ ትንሽ ጨመርኩለት» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ከሁሉም በላይ እደነግጣለሁ። ከፍ ያለ ስኳር በቀናት ይጎዳል፤ የወረደ ስኳር ግን በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል። መጠኑን ሐኪም ብቻ ይቀይር፤ «ተወግቷል ወይስ አልተወጋም?» የሚል ጥርጣሬ ካለ ያ መርፌ ይታለፍ እንጂ አይደገም። ውሻው ከተንቀጠቀጠ፣ ከተንገዳገደ ወይም ከተንፈራገጠ ማር ወይም የስኳር ብጥብጥ ድዱ ላይ ይቀባ፤ ራሱን በሳተ ውሻ አፍ ውስጥ ግን ፈሳሽ አይፈስስም። ሲነቃ ምግብ ይሰጠው፣ በዚያው ሰዓት ወደ ክሊኒክ ይወሰድ፤ ቀጣዩም መርፌ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጥ።