የቆዳ የሽጉጥ አፎት፦ አሠራሩና አመራረጡ

የቆዳ የሽጉጥ አፎት ሽጉጥን በቀበቶ፣ በትከሻ ወይም በኮርቻ ላይ አጽንቶ ለመያዝ፣ ከአቧራና ከግጭት ለመከለል፣ ባለቤቱም ሲያስፈልገው በአንድ እጁ መዝዞ እንዲያወጣው ለማስቻል ከለፋ ቆዳ የሚሰፋ መያዣ ነው። ማኅደር ወይም ሰገባ እየተባለም ይጠራል፤ እዚህ ግን ለጎራዴም ለሽጉጥም የኖረው «አፎት» የሚለው ስም ተመርጧል። ከአንድ ጥሩ አፎት ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ፦ ሽጉጡ ባለቤቱ ሲሮጥም ሲወድቅም እንዳይወጣ መያዝ፣ ምላጩን (ለመተኮስ በጣት የሚሳበውን ክፍል) ጣትም ሆነ ሌላ ባዕድ ነገር እንዳይነካው ሙሉ በሙሉ መሸፈን፣ እጅም እጀታውን ገና ከአፎቱ ሳይወጣ አጥብቆ እንዲጨብጥ ቦታ መተው። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ ይሻማሉ። አጥብቆ የያዘ አፎት ለመምዘዝ ያስቸግራል፣ በቀላሉ የሚለቅም በቀላሉ ይጥላል። የቆዳ ሠሪው ሙያ በዋነኛነት ይህን ሽሚያ የማስታረቅ ሙያ ነው።

ታሪክ

ሽጉጥ በአውሮፓ የፈረሰኛ መሣሪያ ሆኖ ከተስፋፋበት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለረጅም ጊዜ አፎቱ የሚታሰረው በሰው ሳይሆን በፈረስ ላይ ነበር፤ ከኮርቻው ፊት ግራና ቀኝ ጥንድ ሆኖ ይንጠለጠል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1847 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተሠራው የኮልት ዎከር ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቶቹ በሚሽከረከር በርሜል መሳይ ክፍል የሚቀመጡበት ሽጉጥ፣ እንኳ ሁለት ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን በወገብ ለመታጠቅ የሚመች አልነበረም። ነገሩ የተለወጠው ቀለል ያሉ ሪቮልቨሮች ሲመጡ ነው። በ1851 የወጣውና የባሕር ኃይል ሞዴል እየተባለ የሚታወቀው ኮልት ክብደቱ 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ በቀበቶ ሊታጠቁት ተቻለ፤ በካሊፎርኒያ ወርቅ ፈላጊዎች ዘንድም የሽጉጡን ቅርጽ ተከትሎ የሚሄድ፣ ክዳን የሌለው ቀጭን አፎት ተለመደ። የጦር ሠራዊቶች ግን ሽጉጡን ከዝናብና ከጭቃ የሚከልለውን ባለ ክዳን አፎት ይዘው ቆዩ። የአሜሪካ ጦር ለኤም 1911 ሽጉጥ ያሠራው ኤም 1916 አፎትና ጀርመኖች ለሉገር ሽጉጥ የሰፉት ደረቅና ድቡልቡል አፎት የዚሁ ወገን ናቸው።

ከ1870ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ «የሜክሲኮ ማሳለፊያ» የተባለው ቅርጽ ነገሠ። ብልሃቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሰፊ ቆዳ ከኋላ ወደ ታች ይታጠፍና በላዩ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ስንጥቅ ይወጣለታል፤ አፎቱ ራሱ በስንጥቆቹ ውስጥ ተሰክቶ ይያዛል፣ ቀበቶውም በእጥፋቱ ውስጥ ያልፋል። ስፌቱ ትንሽ፣ ጥንካሬው ብዙ ነው፤ የኮርቻ ሠሪ ሥራ መሆኑም ከሩቅ ያስታውቃል።

ለዘመናዊው አፎት መነሻ የሆነው ግን በ1920ዎቹ በቴክሳስ፣ ኤል ፓሶ ከተማ የተወለደው ቅርጽ ነው። ቶም ትሪፐርሰንስ በተባለው የሕግ አስከባሪ ስም የሚጠራው ይህ አፎት ትርፍ ቆዳው ሁሉ ተቆርጦለት፣ መዶሻው (ጥይቱን የሚመታው ክፍል) እና የምላጩ ቀለበት ተጋልጠው፣ ሽጉጡ ከፍ ብሎ አፈሙዙ ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነበለ ሆኖ ወጣ። ለገበያ ያቀረበውና ስሙን ያስጠራው በዚያው ከተማ የነበረው የኤስ ዲ ማየርስ ኮርቻ ቤት ነው። ሐሳቡ ከሕግ አስከባሪው ነው ወይስ ከኮርቻ ሠሪው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ መርፌውን የያዘው ግን ኮርቻ ሠሪው እንደነበር መዘንጋት አይገባም። ምላጩን ማጋለጡ ዛሬ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። በጊዜው ጣትን ቀድሞ ወደ ምላጩ ማስገባት እንደ ቅልጥፍና ይታይ ነበር፤ ከዚያ በተገኘ መራራ ልምድ ነው የኋለኞቹ ሠሪዎች ቀለበቱን መልሰው የሸፈኑት።

በ1930ዎቹ በርንስ-ማርቲን የተባለው አፎት ከፊት ተከፍቶ በውስጡ ባለ ሞላ ሽጉጡን አንቆ የሚይዝ ሆኖ ቀረበ። በ1950ዎቹ ደግሞ አርቮ ኦጃላ ለሆሊዉድ ተዋንያን በቆዳው መካከል ብረት የተቀበረበትን ፈጣን አፎት ይሠራ ነበር። ብዙ ሰው የድሮ ከብት ጠባቂዎች ትጥቅ የሚመስለው፣ እስከ ጭን ወርዶ የታሰረው ዝቅተኛ አፎት በአብዛኛው የዚህ የፊልም ዘመን ፈጠራ ነው። በዚያው አሥርት መጨረሻ ጆን ቢያንኪ የተባለ የካሊፎርኒያ ፖሊስ በትርፍ ጊዜው የጀመረው የቆዳ ሥራ ወደ ትልቅ ፋብሪካ አደገ። በ1970ዎቹ ብሩስ ኔልሰን ያወጣውና ሚልት ስፓርክስ በብዛት የሰፋው፣ በሱሪ ውስጥ የሚታጠቁት «ሰመር ስፔሻል» አፎት አፉ በብረት ተጠናክሮ ሽጉጡ ከወጣ በኋላም ክፍት ሆኖ እንዲቆይ አደረገ። የዛሬ ልዩ ልዩ ቅርጾች ሁሉ ከእነዚህ ጥቂት ሰዎች እጅ የወጡ ናቸው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ቆዳው

የአፎት ጥራት ከመርፌው በፊት በቆዳው ይወሰናል። ተስማሚው በዕፅዋት ታኒን፣ ማለትም ከዛፍ ቅርፊትና ከእንጨት በሚወጣ ማልፊያ፣ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት የለፋ ቆዳ ነው። እንዲህ ያለው ቆዳ ሲርስ እንደ ጭቃ ለጣት ይታዘዛል፣ ሲደርቅ የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። በክሮም ጨው የሚለፋው ቆዳ በጥቂት ቀናት ይደርሳል፤ ለጫማና ለጃኬት ይመቻል፣ ነገር ግን ልስልስና ተለጣጭ ስለሆነ ቅርጽ አይዝም። በክሮም ቆዳ ውስጥ የሚቀረው ጨው ብረት ያዝጋል የሚል አስተያየትም በሠሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሆኖም እርጥበት ያዘለ ማንኛውም ቆዳ፣ በዕፅዋት የለፋውም ጭምር፣ ብረትን ሊያዝግ ስለሚችል ጉዳዩን በአለፋፉ ብቻ መበየን አስቸጋሪ ነው።

ከከብት ቆዳ የሚመረጠው የጀርባውና የትከሻው ክፍል ነው። የሆዱ ቆዳ ስስና ተለጣጭ በመሆኑ በርካሽ አፎቶች ላይ ካልሆነ በቀር አይገኝም። ውፍረት በሙያው የሚለካው በአውንስ ሲሆን አንድ አውንስ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ለአፎት በአብዛኛው ከ7 እስከ 9 አውንስ፣ ማለትም ከ2.8 እስከ 3.6 ሚሊ ሜትር ይወሰዳል። የፈረስ ቆዳ ጠበቅ ያለ፣ በተመሳሳይ ውፍረት ይበልጥ ደረቅ፣ ላብንም የተሻለ የሚቋቋም በመሆኑ በሱሪ ውስጥ ለሚታጠቁት ተመራጭ ነው። የሻርክና የመሳሰሉት ቆዳዎች ለጌጥ ከላይ የሚለበጡ ናቸው፤ ዋጋ ይጨምራሉ እንጂ ለሥራው የሚጨምሩት ነገር ጥቂት ነው።

አሠራሩ

ሠሪው በመጀመሪያ የሽጉጡን ዙሪያ በወረቀት ላይ ነድፎ ንድፉን ያወጣል። አፈሙዙ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ማዕዘን፣ አፎቱ ከቀበቶ በላይ የሚቆምበት ከፍታ፣ ለማነጣጠሪያው የሚተወው ቦይ፣ የስፌቱ መስመር ከምላጩ ቀለበት ያለው ርቀት ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። በወገብ ጎን ለሚታጠቁት የ15 ዲግሪ ያህል ዝንባሌ የተለመደ ነው፤ እጀታውን ከልብስ በታች ይደብቃል፣ ለክንድም የተፈጥሮ መንገዱን ይሰጠዋል። ስፌቱ ከሽጉጡ ከራቀ አፎቱ ይላላል፣ ከቀረበ ደግሞ ሽጉጡ አይገባም፤ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ ልዩነት ታመጣለች።

የተቆረጠው ቆዳ ጠርዙ ተፍቆ ይሳሳል፣ በሙጫ ይያያዛል፣ ከዚያም ይሰፋል። በእጅ የሚሰፋው የኮርቻ ስፌት በአንድ ሰም በተቀባ ክር ጫፎች ላይ ሁለት መርፌ ታስሮ በእያንዳንዱ የወስፌ ቀዳዳ ከሁለቱም በኩል ይተላለፋል፤ አንዱ ስፌት ቢበጠስ ሌላው ይይዛል እንጂ አይተረተርም። የማሽን ስፌት ከላይና ከታች በሚቆላለፉ ሁለት ክሮች የሚሠራ ነው፤ በወፍራም ናይለን ክርና በከባድ ማሽን ሲሠራ ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ በእጅ የተሰፋውን ግን አያህልም። በአንድ ኢንች ውስጥ ከ6 እስከ 8 ስፌት መልካም ነው፤ ከዚያ በላይ ሲጠጋ ቀዳዳዎቹ ቆዳውን እንደ ወረቀት ያስቀድዱታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቅርጽ ማስያዝ ነው። አፎቱ በለብታ ውኃ ይርሳል፤ ከፕላስቲክ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ መጠኑ ከእውነተኛው ጋር ትክክል የሆነ የሽጉጥ አምሳል ይገባበታል፤ ከዚያ ሠሪው በጣቱና በለሰለሰ አጥንት የምላጩን ቀለበት፣ የተተኮሰው ጥይት ቀለህ የሚወጣበትን መስኮትና ሌሎቹን ጎድጓዶች እየተጫነ ያወጣቸዋል። ሽጉጡን የሚይዘው በዋነኛነት ይህ ቅርጽ ነው። የማድረቂያው ሙቀት ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም ሳይበልጥ አፎቱ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ሙቀት የበዛበት ቆዳ ይኮማተራል፣ በኋላም ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ቀለም ይቀባል፣ ጠርዙ በሰም እየታሸ እንደ መስታወት እስኪያበራ ይወለወላል።

አመራረጡ

አፎት የሚመረጠው ለአንድ የተወሰነ የሽጉጥ ሞዴል ነው። «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጥ ለየትኛውም በትክክል አይሆንም። ለመፈተን በቅድሚያ ሽጉጡ ካርታው (የጥይት መያዣው) ወጥቶ፣ ጓዳው (የሚተኮሰው ጥይት የሚገባበት ክፍል) ተከፍቶ ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። ከዚያ አፎቱ ተገልብጦ ለስላሳ ነገር ላይ ሲናጥ ሽጉጡ መውደቅ የለበትም። ምላጩ በየትኛውም በኩል አለመታየቱና ቆዳው ከውጭ በጣት ሲጫኑት ወደ ምላጩ አለመግባቱ ይታያል። ሽጉጡ ሲወጣ አፉ የሚከደን አፎት፣ ባለቤቱ ሽጉጡን ለመመለስ ሌላ እጁን በአፈሙዙ ፊት እንዲያሳልፍ ስለሚያስገድደው፣ ውበቱ ምንም ቢሆን መተው አለበት። በአውራ ጣት የሚከፈት ማሰሪያ ያለው ከሆነም ማሰሪያው ደረቅ ሆኖ ከመንገድ የሚርቅ እንጂ ሽጉጡ ሲመለስ ወደ ምላጩ ቀለበት የሚታጠፍ መሆን የለበትም።

ቀበቶውን ብዙዎች ይረሱታል። አፎቱ የሚቆመው በቀበቶው ጥንካሬ ስለሆነ ሁለት ድርብ የሆነ፣ ስፋቱም ከአፎቱ ማሳለፊያ ጋር ልክ የሆነ ቀበቶ ያስፈልጋል፤ 38 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። ስለ መታጠቂያው ቦታ ከወገብ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ያለው ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። በትከሻ የሚታጠቁት ለተቀማጭና ለሹፌር ይመቻል፣ ነገር ግን ብዙዎቹ ሲመዘዙ አፈሙዙ በሰው ላይ ያልፋል። በወገብ ኋላ መሐል የሚታጠቁት ደግሞ ሰው በጀርባው ሲወድቅ አከርካሪውን ሊጎዳ ይችላል።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ካይዴክስ የተባለው ፕላስቲክ ገበያውን በሰፊው ወስዷል፤ ውኃ አይፈራም፣ ቅርጹን አይለቅም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ለዩኒፎርም ለባሽ ፖሊስ ባለ ብዙ ቁልፍ የፕላስቲክ አፎት ብልጫ እንዳለው መካድ አይቻልም። የቆዳው ብልጫ ለሰውነት መስማማቱ፣ ሲመዘዝ ድምፅ አለማሰማቱና የሽጉጡን ቀለም ብዙም አለመፋቁ ነው።

አያያዙ

አዲስ አፎት ብዙ ጊዜ ይጠብቃል። ባዶውን ሽጉጥ በቀጭን ፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ አንድ ሌሊት በውስጡ ማሳደር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ በዘይት ማለስለስ ግን ቅርጹን ስለሚያጠፋ ስህተት ነው። የረጠበ አፎት በጥላ ይደርቃል እንጂ ምድጃ ዳር ወይም ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ሽጉጥን ለረጅም ጊዜ በቆዳ ውስጥ ማስቀመጥም አይገባም፤ ቆዳው የያዘው እርጥበት ብረቱን ያዝጋል፣ የናሱን ቀለህም አረንጓዴ ሻጋታ መሳይ ዝገት ያስይዘዋል። ስፌቱ የተበጠሰ፣ አፉ የላላ ወይም ምላጩ አካባቢ የተጨማደደ አፎት እጥፋቱ ራሱ ምላጩን ሊጫን ስለሚችል፣ የቱንም ያህል ቢለመድ፣ ከአገልግሎት ይወጣል።