ፖዶኮኒዮሲስ፦ ከቀይ አፈር የሚመጣው የእግር ዝሆኔ

ፖዶኮኒዮሲስ ለዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣ የእግር እብጠት ነው። ስሙ እግር እና አቧራ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። አገር የሚያውቀው ግን ዝሆኔ በሚለው ስም ነው።

ዝሆኔ የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ላይ ይጠራል። አንዱ ትንኝ የሚያስተላልፈው ትል የሚያመጣው ነው፤ እሱ ቆላ ይወዳል። ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ስለ ሌላው፣ ስለ ደጋውና ስለ ወይና ደጋው ነው። ይሄኛው ትል የለበትም። ተህዋስ የለበትም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት አይያዝም፣ አንድ አልጋ ላይ በመተኛትም አይያዝም። ይህን ከሁሉም በፊት ያነሳሁት ሆን ብዬ ነው፤ በሽተኞቹን ከእብጠቱ እኩል የሚጎዳቸው ይተላለፋል የሚለው ወሬ ነውና።

በአማርኛ ስለዚህ በሽታ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ብዙ አይገኝም። ጥናቱ ያለው በእንግሊዝኛ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ከወላይታና ከጎጃም የመጣ ነው። እዚህም የሁለቱ ቦታዎች ስም ቢደጋገም ለዚያ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አፈሩ

በሽታው የሚገኘው ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ፣ አፈሩ ከጥንት እሳተ ገሞራ ዐለት በተፈጠረ አገር ነው። እንዲህ ያለ መሬት ለም ነው። እንሰቱን፣ ቡናውንና ጤፉን የሚያበቅለው ያው ቀይ ሸክላ አፈር ነው። በሽታውም የአራሽ በሽታ ነው፤ ሌላ ሥራ ለሌለው ገበሬ ከአፈሩ ራቅ ማለት አይቻልም።

ከኢትዮጵያ ሌላ በካሜሩን፣ በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳና በሌሎችም የአፍሪካ ደጋዎች ይታያል። ድሮ በሰሜን አፍሪካ፣ በስኮትላንድና በአየርላንድም ነበር ይባላል። እዚያ የጠፋው በመድኃኒት አይደለም። ሰው ሁሉ ጫማ ስላደረገ ነው።

እንዴት ይጀምራል

መጀመሪያ የእግር ፊተኛው ክፍል፣ ጣቶቹ አካባቢ፣ ያሳክካል። ማታ ማታ ቅልጥሙ ይቃጠላል። ከዚያ እብጠቱ ይመጣል፤ ሲያድር ጎደል፣ ሲውል ሞላ ይላል። ውስጥ እግር ይረጥባል። ቆዳው ይወፍራል፣ ይሰነጠቃል፣ ጊዜው ሲረዝም ድንጋይ ላይ እንደሚወጣ ሽበት ያለ ሸካራ ነገር ያወጣል። ጣቶቹ ይደርቁና አልታጠፍ ይላሉ። ጥፍር መቁረጥ ራሱ ሥራ ይሆናል።

እብጠቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሲነኩት ውሃ እንደሞላ ከረጢት ለስላሳ ነው። ሌላው ደረቅና ጠንካራ ነው። ሁለቱም ከእግር ተነስተው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉልበትን አያልፉም። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም እግሮች ያብጣሉ፣ እኩል ግን አይደለም። ሐኪም ከትሉ ዝሆኔ የሚለየው በዚህ ነው፤ የትሉ ብዙ ጊዜ አንድ እግር ላይ ያይላል፣ ብሽሽትንም ይይዛል። ከሥጋ ደዌ የሚለየው ደግሞ እግሩ ባለመደንዘዙ ነው። መርፌ ቢነካው ይሰማዋል።

ከሁሉ የከፋው ድንገት የሚነሳው ሕመም ነው። እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል፣ ሰውዬው ለቀናት ከመኝታ አይነሳም። በተሰነጠቀው ቆዳና በጣቶች መሃል ባለው ቁስል ጀርም ሲገባ የሚመጣ ነው። በየጊዜው ይመላለሳል። በተመላለሰ ቁጥር እብጠቱን ያጠነክረዋል።

ማን አወቀው

በአገራችን ከ1960ዎቹ በፊት ስለነበረው ጊዜ የሚነገር ብዙ የለም።

በ1969 ኦመን የተባሉ ሐኪም አንድ ብልህ ዘዴ ተጠቀሙ። ቤት ለቤት ከመዞር ይልቅ ገበያ ወጡ። በ56 ገበያዎች ወደ 250,000 የሚጠጋ ገበያተኛ ቆጠሩ፣ ከ100 ሰው 2.7 ያህሉ እግሩ ያበጠ ሆኖ አገኙት። ገበያ መምጣት ያቃተው ሰው በዚህ ቆጠራ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ይበልጥ እንደነበር መገመት አይከብድም።

በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እዚህ አገር ይሠሩ ነበር። በሽታው ያለበትን ቦታና ቀዩ አፈር ያለበትን ቦታ ሲያስተያዩ ገጠመላቸው። ከበሽተኞች ብሽሽት ንፍፊት ወስደው ሲያስመረምሩም ከአፈሩ የመጡ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች ተገኙ። ቅንጣቶቹ በውስጥ እግር ቆዳ ገብተው፣ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች አስቆጥተው ይዘጋሉ አሉ። ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ያወጡለትም እሳቸው ናቸው። የትኛው ማዕድን ነው ጥፋተኛው የሚለው ላይ ተመራማሪዎች ዛሬም አንድ አይደሉም። አፈሩ መሆኑን ግን የሚጠራጠር የለም።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዝምታ ሆነ።

ዝምታው የተሰበረው ወላይታ ላይ ነው። በ1997 ዶክተር ናታን ባርሎው ሶዶ ላይ በተለምዶ ሞሲ ፉት የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ሌላው ዓለም ከመንቃቱ በፊት የነቃ ነው፣ ምስጋናው ይገባዋል። ልዩ የሚያደርገው ሕክምናው ብቻ አይደለም። ታክመው የተሻላቸው ሰዎች ራሳቸው አጣቢ፣ አስተማሪና ጫማ ሰፊ ሆኑ። ያበጠ እግር ከገበያ ጫማ አይገኝለትም። የሶዶዎቹ ሰፊዎች በልኩ ሰፉለት።

በ2006 የወጣ ጥናት በሽታው ወላይታ ዞን ላይ ብቻ በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ኪሳራ እንደሚያደርስ አሰላ። አንድ በሽተኛ ከሥራ አቅሙ 45 በመቶውን ያጣል። በዚያ ጥናት የተሳተፉት ዶክተር ፋሲል ተኮላ በ2012 ትልቁን ጥያቄ ይዘው ተመለሱ፤ አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር ከሚውሉ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ አብጦ ሌላው ለምን ይተርፋል? ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 በሽተኞችንና 203 ጤነኞችን አወዳድረው፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን ከሚለይባቸው ዘረ መሎች ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳዩ። ከዚያ በፊት የተሠራ ስሌት የዘር ድርሻውን 63 በመቶ አድርጎት ነበር። ዘር ግን ብቻውን አያሳብጥም። አፈሩ ካልነካው ማንም አይታመምም። የአገር ልጆች የአገርን በሽታ እንዲህ ሲፈቱት ማየት ደስ ይላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 በሽታውን ትኩረት ካጡ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተራ አስገባው። ቀጥሎ እነ ዶክተር ከበደ ደሪቤ በ659 ወረዳዎች ዞረው የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ካርታ ሠሩ። ዕድሜው 15 ከሞላ ሰው 4 በመቶው ታሞ ተገኘ። በቀድሞው ደቡብ ክልል 8.3፣ በኦሮሚያ 4.1፣ በአማራ 3.9 በመቶ ነበር። በዚህ ስሌት የበሽተኛው ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ይደርሳል። ከካርታው በፊት ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊዮን ነው ይባል ነበር።

ወሬውና መገለሉ

የሞተ እባብ ረግጦ ነው፣ እርግማን ነው፣ መተት ነው የሚሉ አሉ። እህቷ ስላበጠች ብቻ ለጋብቻ የማትፈለግ ልጅ አለች። ትምህርቱን ያቋረጠ አለ፤ ሰው በበዛበት ቤተ ክርስቲያን መግባት ያፈረም አለ። በወላይታ የጤና ባለሙያዎች ሲጠየቁ እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይተላለፋል ብለው ነበር። ይህን ሳነብ አዘንኩ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንኳ የሚሸሹት ሰው ሌላ የት ይሄዳል?

ሕክምናው

በሀብታም አገሮች እግርና የእግር ጥፍር ብቻ የሚያክም ባለሙያ አለ፣ ፖዳያትሪስት ይሉታል። የሚያየው የበቀለ ጥፍር፣ የጥፍር ፈንገስ፣ የጠነከረ ቆዳ፣ የስኳር በሽተኛ ቁስል ነው። በእኛ ደጋ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ነርስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ራሱ በሽተኛው ናቸው። ደግነቱ፣ ሙያው ቤት ውስጥ የሚለመድ ነው።

እግር በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ከዚያ ትንሽ በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ ይዘፈዘፋል፤ መጠኑን የጤና ባለሙያ ያሳያል፣ ከበዛ ቆዳ ያቃጥላልና። በጣቶች መሃል ያለው ቦታ በደንብ ይደርቃል። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፣ ሕመሙ የሚነሳው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያው ነው። ቀጥሎ ቆዳውን የሚያለሰልስ ቅባት ይቀባል። ቫዝሊንም ይሆናል። ለስላሳው እብጠት በፋሻ ይጠቀለላል። ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ ፈሳሹን ይመልሳል። በመጨረሻ ካልሲና ጫማ ይደረጋል።

ይህ ነገር በእርግጥ ይሠራል ወይ የሚለው በምሥራቅ ጎጃም በ696 በሽተኞች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2018 ወጣ። በሕክምናው የታቀፉት ላይ ድንገተኛው ሕመም በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ተነሳ፣ ገና ባልታቀፉት ላይ 23.9 ጊዜ። ቁጥሩን ላየ ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለአራሽ ግን አራት ጊዜ ተኩል ያነሰ መውደቅ ማለት ብዙ የእርሻ ቀን ነው።

ጠንክረው የወጡ እጢዎችን በቀዶ ጥገና ማንሳት ይቻላል፤ ጫማ እንዲገባ ያደርጋል። ሙሉውን ያበጠ ሥጋ መቅረፍ ግን ጠባሳው እንደገና ስለሚያሳብጥ አይመከርም። ጠበል የሚሄድም ብዙ ነው። ጎጃም ውስጥ ካህናቱ ራሳቸው እግራችሁን ታጠቡ፣ ጫማ አድርጉ እያሉ ማስተማር ጀምረዋል፣ ምእመኑም ይሰማቸዋል።

በጊዜ ከተያዘ እብጠቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከቆየ ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ጫማ

ማንኛውም ጫማ ከባዶ እግር ይሻላል። ነገር ግን በረባሶና ነጠላ ጫማ አቧራውንም ጭቃውንም ያስገባሉ። ኮንጎ ይሸፍናል፣ ግን እግር ያልባል፣ ያለ ካልሲ ቆዳ ይልጣል። የተሸፈነ፣ የማይጠብ፣ የሚታጠብ ጫማ ነው የሚፈለገው። ሌላው ችግር ልማድ ነው። ብዙ ገበሬ ጫማውን ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ይቆጥብና ማሳው ላይ አውልቆ ያርሳል፤ እግሩ ከአፈሩ ጋር የሚውለው ደግሞ ማሳው ላይ ነው። ልጆችም ገና መራመድ ሲጀምሩ ነው መጫማት ያለባቸው። እናት ወይም አባት ታመው ከሆነ፣ ቤት ውስጥ የተገኘው የመጀመሪያ ጫማ ለልጁ ይሁን።