አኩፓንክቸር ምንድን ነው? ለወገብ ሕመምስ ከመታሸት ይሻላል?

ባሕር ዳር ላይ «ወገቤን» ያለ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ ወጌሻ ይጠቁመዋል። ሌላው «ዲስክ ነው፣ ኤምአርአይ ተነሣ» ይለዋል። አሁን አሁን ደግሞ ጀርባቸው ላይ መርፌ ተሰክቶባቸው የተኙ ሰዎችን በስልኩ እያየ «ይሄ ነገር እውነት ይሠራል?» የሚል በዝቷል።

አኩፓንክቸር ከቻይና የመጣ፣ 2,000 ዓመት ያለፈው ሕክምና ነው። ቀጫጭን መርፌዎችን በተመረጡ ቦታዎች ሰክቶ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው። መርፌ ሲባል ክትባት ትዝ የሚላችሁ፣ አትፍሩ። ይሄኛው ውስጡ ክፍት አይደለም፣ መድኃኒትም አያስገባም። ውፍረቱ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ታካሚው በሆዱ ይተኛል። ባለሙያው ቆዳውን በአልኮል ይጠርግና ወገቡ ላይ፣ አንዳንዴም ከጉልበቱ በስተጀርባ ይሰካል። ሲገባ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ከዚያ ደንዘዝ፣ ከበድ የሚል ስሜት ይከተላል።

የጥንቶቹ የቻይና ሐኪሞች በሰውነት ውስጥ «ቺ» የሚባል ኃይል በመስመር ይፈሳል፣ መርፌው የተዘጋውን መንገድ ይከፍታል ይሉ ነበር። እንዲህ ያለ መስመር ግን በምርመራ አልተገኘም። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች መርፌው ነርቮችን ሲቀሰቅስ ሰውነት የራሱን ማስታገሻዎች፣ እነ ኢንዶርፊንን፣ እንደሚለቅ ይናገራሉ።

እኔን ያስደነቀኝ ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። የወገብ ሕመም የቆየባቸው 1,162 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ትክክለኛውን አኩፓንክቸር አገኙ። ሁለተኛዎቹም በመርፌ ተወጉ፤ ግን ሆን ተብሎ ከነጥቦቹ ውጪ፣ ላይ ላዩን ብቻ። ሦስተኛዎቹ የተለመደውን ሕክምና፣ ማለትም መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒና እንቅስቃሴ ተሰጣቸው። ከስድስት ወር በኋላ ከመጀመሪያዎቹ ከመቶ ወደ 48ቱ ተሻላቸው። ከሁለተኛዎቹ 44ቱ። ከሦስተኛዎቹ 27ቱ ብቻ።

እስቲ ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት። በመርፌ የተወጉት በጣም ተሽሏቸዋል። መርፌው የት ቦታ ገባ የሚለው ግን ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ የተሻለው ሰው «ተሻለኝ» ሲል ውሸቱን አይደለም። ረጋ ብሎ መተኛቱ፣ ጊዜ ሰጥቶ የሚያየው ባለሙያ ማግኘቱ፣ ይሻለኛል ብሎ ማመኑ፣ መርፌው ራሱም ተደማምረው ሕመሙን ያበርዱታል። «ነጥቡን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ብዙ ብር የሚጠይቀውን ግን አልፋችሁት ሂዱ።

መታሸትስ? እሱ ለእኛ አዲስ አይደለም። ወጌሻው ቅቤውን ወይም ዘይቱን መዳፉ ላይ ያሞቅና ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ጡንቻዎች በአውራ ጣቱ ከላይ ወደ ታች እየተጫነ ይወርዳል። የጠነከረው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆም ይላል። ታሺው «እዚያ ጋ! እዚያ ጋ!» ይላል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት 401 ሰዎችን ተከታትሏል፤ በሳምንት አንዴ፣ ለ10 ሳምንት የታሹት ካልታሹት በተሻለ ቀለል ብሏቸዋል። ለስለስ ያለውም ጠለቅ ያለውም እሽታ ውጤቱ ተቀራራቢ ነበር። ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ በጣም አንሷል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ወጌሻው «አጥንቱ ወልቆ ነበር፣ መለስኩት» ቢላችሁ፣ በተለመደው የወገብ ሕመም የወለቀ አጥንት የለም። ሲታሽ ላላ ያለው ጡንቻው ነው። እሱም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው።

ሐኪሞችም አንድ ቃል የላቸውም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. ለወገብ ሕመም አኩፓንክቸር እንዳይሰጥ አለ፤ እሽታንም ከስፖርት ጋር ከሆነ ብቻ ፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ለቆየ የወገብ ሕመም ሁለቱንም ከአማራጮቹ ውስጥ አስገባቸው። ሁሉም የሚስማሙት እንቅስቃሴ ላይ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ እዚህ ባሕር ዳር ላለ ሰው መታሸቱን አስቀድማለሁ። ቅርብ ነው፣ የመርፌ ስጋት የለውም። ዋናው ግን ቀለል ባለው ሰዓት የሚደረገው ነው። ቀኑን ሙሉ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ የሚውል የባጃጅ ሹፌር ታሽቶ መጥቶ ቢተኛ ነገም ያው ነው። በየመሐሉ ወርዶ ቢንጠራራ፣ ማታ ጣና ዳር ግማሽ ሰዓት ቢራመድ ይጠቅመዋል። ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራውም ጎንበስ ብሎ ሰዓታት ከመቆየት ቀና እያለ ቢሠራ ይሻለዋል።

አኩፓንክቸር የሚመርጥ ሰው መርፌው ከነማሸጊያው ፊቱ ይከፈትለት፣ ተጠቅመውም ይጣል። በሌላ ሰው ደም በተነካ መርፌ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ይተላለፋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም አስቀድሞ ይናገር።

ደግሞ ፈጽሞ የማይታሽ ወገብ አለ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክሳት ካለው የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ አገራችን ውስጥ ብርቅ አይደለም። ከወደቁ በኋላ የመጣ ሕመምም ሳይመረመር አይነካ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም እንቢ ካለ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ ወጌሻም መርፌም ይቅር። ነገ ሳይባል፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።