ከሶላሩ በፊት የሌሊቱን ቆጣሪ አንብቡ

ሕንፃ ከሚያስተዳድሩ ሰዎች ጋር ስለ ኃይል ቁጠባ ባወራሁ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን በጀት የለንም። በጀት ሲገኝ ጣሪያው ላይ ሶላር እንገጥማለን።» እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል።

በሶላር ላይ ቂም የለኝም። ችግሬ ቅደም ተከተሉ ነው። ስንት ፓኔል እንደሚገዛ የሚሰላው ከፍጆታው ተነስቶ ነው። ፍጆታው በብክነት ካበጠ ግዢውም አብሮ ያብጣል። ታዲያ ለሚባክን ኃይል ፓኔል መግዛት ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

አንድ የቢሮ ሕንፃ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኃላፊዎቹ የሶላር ዋጋ አሰባስበው «አማክረን» ብለው ጠሩኝ። ጣሪያውን ከማየቴ በፊት የሌሊት የቆጣሪ ንባብ ጠየቅኩ። ማንም አልነበረውም። ማታ ሠራተኛው ከወጣ በኋላና ጠዋት ከመግባቱ በፊት አስነበብን። ባዶው ሕንፃ የሚበላው ከቀኑ ብዙም አያንስም! ወደ ማሽን ክፍሉ ወረድን። የአየር ማስገቢያው ፋን መቆጣጠሪያ ሳጥን ላይ ማብሪያው ከ«አውቶ» (በራሱ ከሚሠራበት) ወደ «ማንዋል» (በእጅ ወደሚሠራበት) ዞሯል። ላዩ ላይ የደረቀ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ «አይነካ» ተብሎበታል። ማን ጻፈው? መቼ? የሚያውቅ የለም። ለጥገና ብለው አዙረውት ጥገናው ሲያልቅ ረስተውታል። ሰዓት ቆጣሪው ማታ ማታ «ጥፋ» ቢልም ፋኑ አይሰማውም። ማብሪያውን ለመመለስ ጨረታ ማውጣት አላስፈለገም።

ፋን ካነሳን አይቀር፣ ቀን ላይም ቢሆን ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት መሥራት የለበትም። የፋን ፍጥነት በጥቂቱ ሲቀንስ የሚፈልገው ኃይል በብዙ ይቀንሳል። ፍጥነቱን ወደ 80 በመቶ ብታወርዱት፣ 0.8 × 0.8 × 0.8 ይሆንና ኃይሉ በስሌት ወደ 51 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የፍጥነት መቆጣጠሪያ መግዛት ገንዘብ ይጠይቃል፣ አዎ። ግን መጀመሪያ ማብሪያዎቹን ዞራችሁ እዩ። የቆሸሸ ፊልተርም ቀይሩ።

ሌሎቹን የተለመዱ የተሳሳቱ አባባሎች ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው።

«ኤሲውን 16 ላይ ካደረግነው ቶሎ ይቀዘቅዛል።» ተራው ኤሲ ቁጥሩ ዝቅ ስላለ አይፈጥንም። ቁጥሩ የት ላይ እንደሚያቆም ብቻ ነው የሚነግረው።

«መብራት ማብራት ማጥፋቱ ይበልጥ ይበላል።» አይበላም። አጥፉት።

«የሚንጠባጠብ ነገር አላየንም፣ ውሃ አይባክንም።» የሽንት ቤት ታንክ ድምፅ ሳያሰማ ያፈሳል። ጥቂት የምግብ ቀለም ታንኩ ውስጥ ጨምሩና ውሃ ሳትለቁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ታንኩ ውስጥ ውሃውን የሚዘጋው ጎማ አልቋል። ጎማው ርካሽ ነው፣ ቀይሩት።

«ኬሚካሉ ከበዛ ይበልጥ ይጸዳል።» የጀርም ማጥፊያ የሚሠራው ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ሲበጠበጥና የተባለውን ያህል ጊዜ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው። ወዲያው የሚወለወል ከሆነ ብታበዙትም ዋጋ የለውም። ትርፉ የጽዳት ሠራተኞቹን ሳንባ ማቃጠል ነው።

«የአረንጓዴ (አካባቢን የማይጎዳ) ሕንፃ ሰርተፊኬት አለን።» እንኳን ደስ አላችሁ። ለአዲስ ግንባታ የተሰጠ ከሆነ ግን የሚመሰክረው ስለ ዲዛይኑና ስለ ግንባታው ነው። ዛሬ ማታ ፋኑን ማን እንደሚያጠፋው አይነግራችሁም።

አንዱ ግን ከገንዘብም በላይ ነው። «ለቁጠባ» ብለው የሕንፃውን ትልቅ የሙቅ ውሃ ታንክ ለብ ያለ ውሃ ላይ የሚተዉ አሉ። ሌጂዮኔላ የተባለው የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውሃ ውስጥ ነው የሚመቸው። ስለዚህ ታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ ከ60 ዲግሪ አይውረድ። መቆጠብ የፈለገ ታንኩንና ቧንቧውን ሙቀት በሚይዝ ነገር ይሸፍን፤ ሰው እንዳይቃጠል ደግሞ መክፈቻው አጠገብ ሙቅና ቀዝቃዛ የሚያደባልቅ ቫልቭ ያስገጥም።